ለጀማሪ የፊዚክስ ተመራማሪ እውቅና ሲሰጥ፦ ነጥብ ይቆጠር ወይስ ሥራው ይነበብ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ባሉ የፊዚክስ መምህራንና ተመራማሪዎች መካከል ሲዞር የሰነበተውን ረቂቅ አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። ላላየው ባጭሩ፦ ፒኤችዲውን ከጨረሰ ብዙ ያልቆየ አንድ የፊዚክስ ተመራማሪ በየዓመቱ ተመርጦ እውቅና ይሰጠው ይላል። መምረጫው ነጥብ ነው። ባለፉት 3 ዓመታት ያወጣው ፔፐር ሁሉ ይደመራል፤ ጆርናሎች ከኪው 1 (ከፍተኛው) እስከ ኪው 4 በደረጃ ይመደባሉና ኪው 1 ጆርናል ላይ የወጣ 4 ነጥብ፣ ኪው 2 ላይ 3፣ ኪው 3 ላይ 2፣ ኪው 4 ላይ 1። ብዙ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። እውቅና ይሰጥ በሚለው ላይ ተቃዋሚ የለም። የተለያየነው መምረጫው ላይ ነው። ሐሳባችሁን ከነማስረጃው አምጡ፤ የእጩ ስም ግን አታንሱ።

ሚዛን፦ እኔ ከነጥቡ ጎን ነኝ፤ ምክንያቴም ትውውቅ ነው። የአገራችን የፊዚክስ ቤት ጠባብ ነው። በአንድ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በሴሚኮንዳክተር ወይም በፕላዝማ፣ ሥራ አንብበው መመዘን የሚችሉትን ብትቆጥሩ አንዱ የእጩው አማካሪ፣ ሌላው የአማካሪው ተማሪ፣ ሦስተኛው አብሮት የጻፈ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ኮሚቴ ተሰብስቦ «አነበብነው፣ ይሄኛው ይሻላል» ሲል የተሸነፈው በምን ይሟገታል? ነጥብ ከሆነ ማንም ስኮፐስን፣ የፔፐሮችን የመረጃ ቋት፣ ከፍቶ ደምሮ ያረጋግጣል፤ ስህተት ቢገኝም እዚያው ይታረማል። ለጀማሪ ሰው ደግሞ የሚመዘንበትን አስቀድሞ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ እያየ የሚሠራ ወጣት ሥራው ላይ ልብ አይኖረውም።

ክሪስታል፦ ጋሽ ሚዛን፣ ስለ ትውውቅ ያሉት እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ይህ ነጥብ የሚመዝነው ጆርናሉን ነው። ለጆርናል ደረጃ ከሚያገለግሉ ቁጥሮች አንዱ ኢምፓክት ፋክተር ነው፤ እሱም ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያሳተማቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት ያገኙት ሳይቴሽን፣ ማለትም በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱበት ቁጥር፣ ለጽሑፎቹ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው አማካይ ነው። ጥቂቶቹ በመቶ የሚቆጠር ሳይቴሽን ይሰበስባሉ፤ የሚበዙት ከአማካዩ በታች ናቸው። ኪው 1 የሚባለውም በአንድ ዘርፍ ያሉ ጆርናሎች በእንዲህ ያለ ቁጥር ተደርድረው የላይኛው ሩብ ነው። አንድ ጆርናል በማቴሪያል ሳይንስ ኪው 2፣ በሌላ ዘርፍ ኪው 1 ሊሆን ይችላል፤ ረቂቁ የትኛው እንደሚቆጠር አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው፣ ዶራ የሚባለው መግለጫ የመጀመሪያ ምክሩም ይኸው ነው፤ የአንድን ተመራማሪ ሥራ በጆርናሉ ቁጥር አትመዝኑ ይላል።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚሠራበት ዚንክ ኦክሳይድ ናኖፓርቲክል ይሁን። ናሙናው በኤክስአርዲ (ኤክስሬይ በየማዕዘኑ ምን ያህል እንደሚበተን በሚለካ ማሽን) ይለካና በግራፉ ላይ ከሚታዩት ጫፎች፣ ፒክ ከሚባሉት፣ የክሪስታሉ መጠን በሼረር ቀመር ይሰላል፦ 0.9 በኤክስሬዩ የሞገድ ርዝመት ይባዛል፣ የመዳብ ከሆነ 0.15406 ናኖሜትር ነው፤ ከዚያ ለፒኩ ስፋት (በራዲያን) እና ለኮሳይን ቴታ (ቴታ የፒኩ ማዕዘን ግማሽ ነው) ብዜት ይካፈላል። 36.2 ዲግሪ አካባቢ ያለው ትልቁ ፒክ ስፋቱ 0.20 ዲግሪ ከሆነ መልሱ 42 ናኖሜትር ገደማ ይመጣል። ግን ከዚያ 0.20 ውስጥ የማሽኑ የራሱ ድርሻ አለበት። ላንታነም ሄክሳቦራይድን በመሰለ ስታንዳርድ ተለክቶ የማሽኑ ስፋት 0.12 ቢሆንና በካሬ ቢቀነስ የሚቀረው 0.16 ነው፤ መጠኑም ወደ 52 ናኖሜትር ይወጣል። ክሪስታሉ ውስጥ ውጥረት ካለ እሱም ፒኩን ያሰፋዋልና ስሌቱ እንደገና ይለወጣል። አሁን አንዱ ፔፐር ስለ ማሽኑ ስፋት ምንም ሳይል «42.37 ናኖሜትር» ብሎ ኪው 1 ላይ ወጥቷል እንበል። ሌላዋ ስታንዳርዱን ለክታ፣ የስህተት መጠኑን ጽፋ፣ ኪው 3 ላይ አውጥታለች። በረቂቁ መሠረት የመጀመሪያው 4 ለ2 ያሸንፋል። ሙያውን የሚያውቅ አንባቢ ግን የአሠራር ክፍሉን አንብቦ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል።

ኳንተም፦ ክሪስታል የላብራቶሪውን ጠቅሷል፤ የስሌቱ በኩል ይብሳል። ኳንተም ኢስፕሬሶ የሚባለው የቁሶችን ባሕርይ የሚያሰላ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ መሥራት መቻሉ መልካም ነው፣ ለእንደኛ ዓይነቱ አገር በረከት ነው። ግን አንዴ የግብዓት ፋይሉ ከተዘጋጀ ዶፓንቱን (በጥቂቱ የሚጨመረውን ባዕድ ንጥረ ነገር) ከአሉሚኒየም ወደ ጋሊየም፣ ከጋሊየም ወደ ኢንዲየም እየቀየሩ አንዱን ሥራ አራት ፔፐር ማድረግ ቀላል ነው። በነጥብ ከሄድን ይህን የሚያደርግ ሰው አንደኛ ይወጣል። የሚያነብ ሰው ግን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የስሌቱን ጥራት የሚወስኑት የኢነርጂ ከትኦፉና የኬ-ፖይንቱ ብዛት እየጨመረ ሲሄድ ውጤቱ መርጋቱ ታይቷል? ፒቢኢ የሚባለውን የስሌት ግምት ብቻ ተጠቅሞ ከሆነ የባንድ ጋፑን (ኤሌክትሮኖች ሊኖሩ የማይችሉበትን የኢነርጂ ክፍተት) ማነስ አውቆታል? ለዚንክ ኦክሳይድ ፒቢኢ 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ይሰጣል፤ በላብራቶሪ የሚለካው 3.4 ገደማ ነው። ሦስተኛ፣ ይህን ማነስ ለማስተካከል ዩ የሚባለውን እርማት ከጨመረ ቁጥሩን ከየት አመጣው? ከሙከራው ጋር እስኪገጥም ድረስ አስተካክሎት ከሆነ «ከሙከራ ጋር ተስማማ» ማለቱ ትርጉም የለውም።

ኤች-ኢንዴክስን እንጨምር የሚሉም አሉ። ፊዚሲስቱ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ይህ መለኪያ ቢያንስ ኤች ጊዜ የተጠቀሱ ኤች ፔፐሮች አሉ ማለት ስለሆነ ከፔፐሩ ብዛት በላይ መውጣት አይችልም። 3 ፔፐር ኖሯት እያንዳንዱ 200 ጊዜ የተጠቀሰላት ተመራማሪ 3 ላይ ትቆማለች፤ 10 ፔፐር እያንዳንዱ 10 ጊዜ የተጠቀሰለት 10 ያገኛል። ለጀማሪ የማይሆን መለኪያ ነው።

ሚዛን፦ ስለ ጆርናሉ ያላችሁትን ተቀብያለሁ። ግን ማንበብ ያድናል የምትሉትን እስቲ በሾን ጉዳይ እንፈትነው። ያን ሄንድሪክ ሾን ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የሚሠራ ወጣት ፊዚሲስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በአማካይ በየ8 ቀኑ አንድ ፔፐር ያወጣ ነበር። በ2001 እና በ2002 ሽልማት በላይ በላይ ተሰጠው፤ አንዱ ሽልማት እንዲያውም ለወጣት ተመራማሪ የሚሰጥ ነበር። የሸለሙት ነጥብ ቆጣሪዎች አልነበሩም፣ የሚያነቡ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። መስከረም 2002 ላይ ዳታ ፈጥሯል መባሉን ያጣራው ኮሚቴ ከ24 ክሶች 16ቱን አረጋገጠ፤ ከሥራም ተባረረ። እነዚያ ያላዩትን የእኛ ኮሚቴ ያየዋል?

ክሪስታል፦ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን እንዴት እንደተያዘም ይነገር። ሊዲያ ሶን እና ፖል ማክዩዌን የተለያዩ ፔፐሮቹን ግራፎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ የተለያየ ሙከራ በተባሉት ላይ ኖይዙ (የልኬቱ የዘፈቀደ መዋዠቅ) አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ኖይዝ ሊደገም አይችልም። አጣሪዎቹ ጥሬ ዳታ ሲጠይቁ ፋይሉ ተሰርዟል፣ የላብራቶሪ ደብተርም የለም። ከዚህ የምወስደው ኮሚቴው ፔፐሩን ብቻ ማንበቡ እንደማይበቃ ነው፤ ከፔፐሩ ጋር ጥሬ ዳታውን ይጠይቅ። በነጥብ ቢሆን ኖሮማ ሾንን የሚደርስበት አልነበረም።

ከልቻ፦ እናንተ ስለ መምረጫው ስትከራከሩ ማን እጩ ይሆናል የሚለው ተረሳ። ረቂቁ «ባለፉት 3 ዓመታት» ይላል። ከእነዚያ ሦስት ዓመታት በአንዱ የወለደች ተመራማሪ ከውድድሩ ወጣች ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የፊዚክስ ኅብረት አዩፓፕ ለጀማሪ ተመራማሪ የሚሰጠው ሽልማት ከፒኤችዲ በኋላ እስከ 8 ዓመት የምርምር ልምድ ይፈቅዳል፤ በመሀል የተቋረጠው ጊዜ አይቆጠርም። ዕድሜም አይጠየቅም። የእኛም እንዲህ ይሁን፦ ከፒኤችዲው ቀን ይጀምር፣ ወሊድ፣ ሕመም፣ ከሥራ የተፈናቀሉበት ጊዜ ይቀነስ፣ ለዚህም አንድ መስመር ማብራሪያ ይብቃ። የሐኪም ወረቀት አምጡ ማለት ሰው ማዋረድ ነው።

ሌላው፣ እዚህ አገር ፔፐር ውስጥ የማይጻፍ ሥራ አለ። በ500 ዲግሪ 6 ሰዓት መቆየት ያለበት ናሙና ፈርነስ (የማሞቂያ ምድጃ) ውስጥ እያለ መብራት ከሄደ የሙቀቱ ታሪክ ስለተበላሸ ይጣላል፤ ከእንደገና ነው። ፈርነሱ ሲቋረጥ ሰዓቱንና ሙቀቱን የሚመዘግብ ሰርኪዩት ሠርታ፣ የትኛው ናሙና እንደሚጣል የትኛው እንደማይጣል የሚለይ መመሪያ ያወጣች ልጅ ለሁሉም የላብራቶሪው ተጠቃሚ ጠቅማለች። ነጥቧ ዜሮ ነው።

ኳንተም፦ ከልቻ ትክክል ናት። ጋሽ ሚዛን ደግሞ በውስጥ መስመር «ነጥቡ ለኦቶሮቹ (ለጸሐፊዎቹ) ብዛት ይካፈል» ብለውኝ ነበር፤ እዚሁ ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን ያሉት ሁለት የሙከራ ቡድኖች፣ አትላስ እና ሲኤምኤስ፣ የሂግስ ቅንጣትን ማስ አብረው ለክተው ባወጡት ፔፐር ላይ 5,154 ኦቶር ነበር፤ ከ33 ገጹ 24ቱ የስምና የተቋም ዝርዝር ነው። ተካፍሎ ምን ይደርሳል? በዚያ ዘርፍ ስም በፊደል ተራ ስለሚደረደር መጀመሪያ መጻፍም ምንም አይናገርም። እንደ ክሪስታል ያሉ ቁሶችን በሚያጠናው በኮንደንስድ ማተር ግን መጀመሪያ ያለው ብዙውን የሠራው፣ መጨረሻ ያለው አማካሪው ነው። ሁለቱን በአንድ ቀመር መምታት አይሆንም። ከዚያ ይልቅ ክሬዲት የሚባለው የ14 ሚናዎች ዝርዝር አለ፦ ሐሳቡን ማን አመጣ፣ ማን ለካ፣ ኮዱን ማን ጻፈ፣ ረቂቁን ማን ጻፈ፣ ገንዘቡን ማን አመጣ እያለ ይለያል። እጩው በየፔፐሩ ሚናውን ይጻፍ፣ አማካሪውና ቢያንስ አንድ ሌላ ኦቶር ይፈርሙበት። አማካሪው ብቻውን እንዲፈርም ካደረግን ጋሽ ሚዛን የፈሩት ትውውቅ በጓሮ በር ይገባል።

ብዛትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ የሂግስ ቅንጣት በስሙ የተጠራለት ፒተር ሂግስ እ.ኤ.አ. ከ1964 በኋላ ያወጣው ፔፐር 10 አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኖቤል ሲሸለም፣ በዛሬው መመዘኛ ዩኒቨርሲቲ የሚቀጥረኝ አይመስለኝም ብሏል።

ሶደሬ፦ ነጥብም ተቆጠረ ተነበበ፣ የስማችን ጉዳይ ካልተስተካከለ መዝገቡ ራሱ የተሳሳተ ይሆናል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ጆርናሉ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስድና የራስን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል፤ «ኤ. ከበደ» ብሎ ስኮፐስ ላይ የሚፈልግ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም። ፀሐይ የሚል ስም ያላት ደግሞ በላቲን ፊደል አንዴ በቲ፣ አንዴ በኤስ ተጽፋ ሁለት ሰው ሆና ትቆጠራለች፤ ሳይቴሽኗም ለሁለት ይከፈላል። መፍትሔው፦ ኦርኪድ በሚባለው የተመራማሪዎች መለያ መዝገብ ላይ መመዝገብ፣ ነጻ ነው፣ 16 አኃዝ ያለው መለያ ይሰጣል። ስምን ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ፣ የአያትን ስም ጨምሮ መጻፍ። ስኮፐስ ላይ የተከፈለ ፕሮፋይል ካለ እንዲዋሃድ መጠየቅ። ጉግል ስኮላር ያንተ ያልሆነ ፔፐር በራሱ ሊጨምርልህ ስለሚችል ዝርዝሩን አይቶ የራስ ያልሆነውን ማውጣት። እጩ ሁሉ ኦርኪድ ይኑረው የሚል መስመር ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

ስለ ክፍያም ይታሰብበት። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጣ ጽሑፍ የማሳተሚያ ክፍያውን ይምራሉ፤ ግን ጥያቄው ጽሑፉ ሲላክ መቅረብ አለበት፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ አይሰሙም። ይህን ያላወቀ ጀማሪ በሳምንት እናወጣልሃለን የሚል አጭበርባሪ ጆርናል ጋ ገንዘቡን ይጥላል። ለእውቅናው የተያዘ ብር ካለም በጥሬ ብር ከሚሰጥ ለናሙና ማስለኪያና ለኬሚካል መግዣ ቢሆን ለተመራማሪው የበለጠ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ፤ በዚህ የማይስማማ ይኖራል።

ከልቻ፦ እኔ አልስማማም። የጀማሪ መምህር ደመወዝ ይታወቃል። ብሩን በእጁ ስጡት፤ ኬሚካል መግዛት የዩኒቨርሲቲው ግዴታ ነው።

ሚዛን፦ ይህን ያህል ተነጋግረን እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ቁጥሩ መግቢያ ይሁን፦ ቢያንስ አንድ በአቻ ግምገማ ያለፈ፣ ጆርናሉም የተረጋገጠ ፔፐር ያለው ይወዳደር፤ ከዚያ በላይ ቁጥር አይደመር። ከዚያ ይነበብ። ግን የምቀበለው ከነዚህ ጋር ነው፦ አንባቢዎቹ ሦስት ይሁኑ፣ ቢያንስ ሁለቱ ከአዳማ ውጭ፣ ከሀዋሳ፣ ከጅማ ወይም ከባሕር ዳር ይምጡ። ባለፉት 5 ዓመታት ከእጩው ጋር የጻፈ ወይም ያማከረ አያንብብ። እያንዳንዱ አንባቢ ሳይመካከር አንድ ገጽ ይጻፍ፣ የተሸነፈውም ስለ ራሱ የተጻፈውን ያንብብ። ጥሬ ዳታ ያላቀረበ ከውድድሩ ይውጣ። ይህ የመጨረሻው ካልገባ ድምፄ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጋር ነው።

ኳንተም፦ እጩነቱስ ጋሽ ሚዛን? አማካሪ ብቻ ይጠቁም ከተባለ ከአማካሪው ጋር ያልተስማማ ሰው አይታይም።

ሚዛን፦ ራሱን ይጠቁም። ሁለት ገጽ ማብራሪያና ቢበዛ 3 ፔፐር፣ እያንዳንዱ ከሚና መግለጫው ጋር። የከልቻ ፈርነስ መቆጣጠሪያ ዓይነት ሥራም መግቢያውን ላለፈ ሰው በአንድ ፔፐር ቦታ ይቅረብ፤ ንድፉና ሌላ ተጠቃሚ የጻፈው ምስክርነት ይያያዝ።

ክሪስታል፦ ስለ ጥሬ ዳታው፦ ሰው እንዳይቸገር ዜኖዶ የሚባለውን የዳታ ማስቀመጫ እንጠቀም። በሰርን የሚተዳደር ነው፣ ነጻ ነው፣ በአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት ይይዛል፣ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያም ይሰጣል። ኤክስአርዲ ከሆነ የአንግልና የኢንተንሲቲ ሁለት ዓምድ ያለው የጽሑፍ ፋይል፣ የስታንዳርዱ ልኬት፣ የተለካበት ቀን። ስሌት ከሆነ የግብዓትና የውጤት ፋይሎቹ፣ የሱዶፖቴንሻሉ (በስሌቱ አቶሞቹን የሚወክለው ፋይል) ስምና የሶፍትዌሩ ቨርዥን። ከኢንዱስትሪ ጋር በውል የተሠራ፣ ዳታው ሊወጣ የማይችል ካለ ለሦስቱ አንባቢዎች ብቻ ይታይ። ምስል ብቻ ያስገባ፣ ማለትም የግራፉን ፎቶ ያቀረበ፣ እንዳላቀረበ ይቆጠር።

አወያይ፦ የሚዛንንና የክሪስታልን ሐሳብ አያይዤ ረቂቁን አስተካክላለሁ። የብሩ ጉዳይ አልተቋጨም፤ በእሱ ላይ ለብቻው ድምፅ እንሰጣለን።