ነርሲንጉን ትቼ ጋዜጠኝነት ብማር ፔል ግራንቴ ይቆማል?

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ቤተሰብ። በዲቪ ነው የመጣሁት። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለነርሲንግ የሚያስገቡትን ኮርሶች እየወሰድኩ ነው። ልቤ ግን ጽሑፍ ላይ ነው። በዓሉ ግርማ ያስቀናኛል። እዚሁ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት ተምሮ አገሩ ገባ። መነን መጽሔትን አዘጋጀ፣ አዲስ ዘመንን አዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ ሄራልድን። ማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆነ። በዚያ ሁሉ መሃል ልብ ወለድ ይጽፋል! እኔም ዜናውንም ድርሰቱንም መሞከር እፈልጋለሁ። የምኖረው አጎቴ ቤት ነው። «ነርሲንጉን ከተውሽ ቤት ፈልጊ» ብሎኛል። ሜጀር ብቀይር ፔል፣ ማለት መንግሥት ለትምህርት የሚሰጠኝ የማይመለስ ገንዘብ፣ ይቀርብኛል? አጎቴንስ ምን ልበለው?

የዲሲ ነባር፦
እህቴ፣ ሜጀር ስለቀየርሽ ብቻ አይቆምም። ግን ፔል የዕድሜ ልክ ጣሪያ አለው፣ የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል። እስካሁን የወሰድሽው ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ትምህርት ቤቱም ውጤትሽንና ያጠናቀቅሽውን ክሬዲት ያያል። ብዙ ክሬዲት አከማችተሽ ከቀየርሽ እዚያ ላይ ልትያዢ ትችያለሽ። ሳትቀይሪ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጠይቂ። ደግሞ ፋፍሳ (የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻው ፎርም) ላይ የአጎትሽን ገቢ እንዳታስገቢ። በጉዲፈቻ ካላሳደገሽ ቤቱ ስለኖርሽ ወላጅ አይሆንም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ጋሽ ሹፌር፦
ልጄ፣ በዓሉ ደመወዝ ነበረው። በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይ የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ፣ ከሥራ ተባረረ፣ የካቲት 1976 ከቤት እንደወጣ ቀረ። የምትቀኚው ይሄንንም ጨምረሽ ነው? መጀመሪያ ነርስ ሁኚ። በዕረፍትሽ ትጽፊያለሽ።

ናፍቆት፦
ጋሼ፣ «በዕረፍት» እያልን ነው ሁላችንም የቀረነው። ዕረፍት የታለ? ሁለተኛ ሥራ ነው፣ ከዚያ ዌስተርን ዩኒየን። አጎቷም የፈሩት አገር ቤት የሚላከው ብር እንዳይቀንስ ይመስለኛል። እኔ እናቴ ስትደውል «ምን ትሠሪያለሽ?» አትልም። «መቼ ትልኪያለሽ?» ነው። አማርኛ መጽሐፍ ከገለጥኩ ቆየሁ።

ዳኛው፦
በዓሉን መልአክ አታድርጉት። ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄዶ የደርግን ፕሮፓጋንዳ የሠራ ሰው ነው።

ጋሽ ሹፌር፦
እዚያ ያየውን ኦሮማይ ላይ ስለጻፈ አይደል እንዴ የጠፋው?

ዳኛው፦
እስኪጽፈው ድረስስ ማንን ሲያገለግል ነበር?

የሌሊት ፈረቃ፦
ፔሉ ገብቶኛል፣ የዲሲ ነባር አመሰግናለሁ። የአጎቴን ነገርስ?

ጋሽ ሹፌር፦
ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ለዳኛው ልመልስለት። ያኔ ያላገለገለ ማን ነበር? አንተ የት ነበርክ?