ለጥብቅና ቢሮ ጥሩ ሪሴፕሽን እንዴት ይመረጣል?

ጠያቂ፦ የልደታው

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ጠበቆች ሆነን ልደታ አካባቢ ትንሽ ቢሮ አለን። ሪሴፕሽናችን ትምህርት ልትቀጥል ለቀቀችና ሰው እየፈለግን ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንም ችሎት ነን፣ ስልካችንም ይጠፋል፣ ስለዚህ እስከ ምሳ ሰዓት ቢሮው በሚቀጠረው ሰው እጅ ነው ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ስንለቅ ሲቪ ጎረፈልን፤ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ዲግሪ፣ ኮምፒውተር፣ እንግሊዝኛ። ማንን ከማን እንለይ? ቃለ መጠይቅ ላይስ ምን ልጠይቅ? ተያዥ ማስጠራትስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሰብለ

ጥብቅና ቢሮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በዚሁ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከዲግሪው በፊት አፉን የሚጠብቅ ሰው ፈልግ። ስልክ ይጮኻል፣ አንድ ሰው በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ «እህቴ፣ ባለቤቴ እናንተ ጋ መጥታ ነበር አይደል? ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ጠፍቶባት ነው» ይላል። ቅን ልጅ ከሆነች «አዎ፣ ሐሙስ ነው» ትለዋለች። አለቀ። ሴትዮዋ ስለ ፍቺ ልታማክር እንደመጣች ባልየው አወቀ፣ ማታ ቤት ውስጥ የሚሆነውን አንተው አስበው። መልሱ «የማንንም ጉዳይ በስልክ አንናገርም፣ ስምዎንና ስልክዎን ይተዉልኝ፣ ጠበቃው ይደውሉልዎታል» ነው፣ ያውም ሳይቆጡ። መጥታለችም አልመጣችምም አይባልም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ይህንኑ ባልየውን አንተ ሆነህ ተጫወተው። ለምናት፣ ከዚያ ተቆጣት። ከየትኛውም ሲቪ የበለጠ እዚያ ላይ ይታይሃል።

መልስ፦ ነባር ጠበቃ

ልጄ፣ ሰብለ ያለችው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው «መቼ?» ብሎ መጠየቅን ነው። ባለጉዳይ ሲደውል ታሪኩን ከአያቱ ይጀምራል። ጎበዝ ሪሴፕሽን በትሕትና አቋርጣ «ፍርዱ የተሰጠው መቼ ነው?» ትላለች። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን ነው፣ ከሥራ ተባርሮ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ደግሞ 3 ወር ነው ያለው፤ ሰውየው የደወለው በመጨረሻው ሳምንት ከሆነና ማስታወሻው ላይ «ደንበኛ ደውሏል» ብቻ ከተጻፈ ጉድ ይፈላል። ሕግ ታስተምር አይደለም፣ «ያዋጣኛል ወይ?» ሲሏትም አትመልስ። ቀኑን ብቻ ትያዝ።

ሁለተኛ፣ ታሪኩን ከመስማቷ በፊት የተከራካሪውን ስም ትጠይቅ። ተቃራኒው ወገን ያንተው ደንበኛ ሆኖ ቢገኝስ? መጥሪያ ስትቀበልም የመዝገብ ቁጥሩን፣ ችሎቱንና የተቀበለችበትን ቀንና ሰዓት እዚያው ትመዝግብ፣ ፎቶ አንስታም ትላክልህ። ከችሎት ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው እሱ ይሁን።

መልስ፦ ባለጉዳይ ከዋሽንግተን

ወንድሜ፣ እኔ ከደንበኛ ወገን ነኝ። አዲስ አበባ የቤት ክርክር አለብኝ፣ ሁሉ ነገር በስልክ ነው። አንድ ቢሮ (ስሙ ይቅር) «ሦስት ሰዓት ይደውሉ» አሉኝ፣ በሀበሻ ይሁን በፈረንጅ ማንም አልነገረኝም። ሌሊት ተነስቼ ስደውል የሚያነሳ የለም። ለቃለ መጠይቅ ከመጣችው ልጅ ፊት መልእክት በፍጥነት አንብብላት፤ ስም፣ ስልክ፣ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ከዚያ በፈረንጅ ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠይቃትና መልሳ ታንብብልህ። ሳትጠየቅ «ቁጥሩን ልድገምልዎት?» የምትል ከሆነ እሷን ያዛት።

መልስ፦ የሰው ኃይል

ማስታወቂያህን ሳላየው ልናገር፣ «ቁመናዋ ያማረ» የሚል ካለበት አውጣው። ወንድም ሴትም ይወዳደር። የሙከራ ጊዜውን በጽሑፍ አድርገው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልሆነልህ ያለ ማስጠንቀቂያ ትለያያላችሁ። ውሉ ላይ የምስጢር አንቀጽ አስገባ፣ ከለቀቀች በኋላም እንደሚጸና ጻፍ። ጡረታውን ከመጀመሪያው አስላው፣ 11 በመቶ ካንተ፣ 7 በመቶ ከእሷ።

ስለ ተያዥ፣ ገንዘብ የማትይዝ ከሆነ እኔ አልጠይቅም። አዲስ አበባ ዘመድ የሌላቸውን ጎበዝ ልጆች በር ላይ ነው የሚመልስብህ። ይልቅ ቀድሞ የሠራችበት ቦታ ደውልና «ድጋሚ ትቀጥሯታላችሁ?» በላቸው።

መልስ፦ ነባር ጠበቃ

በተያዥ ነገር አልስማማም። ገንዘብ ባትይዝም የሰው ካርታ፣ ኦሪጅናል ውል፣ ውክልና ጠረጴዛዋ ላይ ይውላል። እኔ ያለ ተያዥ አልቀጥርም።

ጠያቂ፦ የልደታው

ጋሼ፣ ሰብለ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኦሪጅናል ሰነድ እኛ ከምንቆልፈው ካዝና ውጪ አያድርም፣ ስለዚህ ተያዡን ትተን የቀድሞ አሠሪ እንጠይቃለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ልምድ የሌላትን ግን ፈተናውን ያለፈችውን ልጅ ብንወስድ ማን ያሠለጥናታል?

መልስ፦ ሰብለ

ውሰዳት። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁለታችሁ አንዳችሁ ጠዋት ቢሮ ቅሩ፣ ስልኩን እሷ ታንሳ፣ እናንተ አጠገቧ ሆናችሁ ስሙ። ከተቻለ ነሐሴ ላይ አስጀምሯት፣ ፍርድ ቤት ለእረፍት ሲዘጋ እናንተም ጊዜ ታገኛላችሁ። ደግሞ ችሎት ላይ ሳላችሁ አስቸኳይ ነገር ቢመጣ ለማን እንደምትደውል የአንድ ሰው ስልክ ስጧት። ያ የሌለው ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያውቀዋል።