የጳጉሜ 1 የልጆች ዝግጅት፣ የዘንዶው ነገር (የዕቅድ ውይይት)

ፀሐፊዋ፦
ሰላም ጎረቤቶቼ እንደምን አደራችሁ። እዚህ ደሴ ለሰፈራችን ልጆች አዲስ ዓመት ሳይገባ የሆነ ነገር እናርግላቸው ብለን ኮሚቴ ከተባልን ሦስት ሳምንት ሆነን፣ እስካሁን ግን ቡና ከመጠጣት ውጪ የሰራነው የለም። ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ገፅ ፕሮፖዛል ማስገባት አለብን ስለዚ ሀሳባችሁን እዚሁ ጣል ጣል አርጉ፣ እኔ እሰበስበዋለሁ። ያለው ነገር ይሄ ነው፦ ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉ 35 ልጆች ተመዝግበዋል፣ ቀኑ ጳጉሜ 1 እሁድ፣ ልጆቹ የመረጡት ደግሞ ድራጎን። አዎ ድራጎን። ካርቱን ላይ አይተው ነው መሰለኝ፣ አበባ አየሆሽ ይበቃል ያልነው እኛ ነን፣ አንድም ሰሚ አላገኘንም።

የሙጋዷ፦
እኔ አልተዋጠልኝም። ድራጎን ማለት ዘንዶ አይደል እንዴ? የኔ ልጅ ዘንዶ የሚያውቀው ጊዮርጊስ ስዕል ላይ ከፈረሱ እግር ስር ጦር ተሰክቶበት ነው፣ አሁን ደሞ ዳቦ ላይ ቀርፀን ሻማ ልንለኩስለት? እናቴ ብትሰማ ጉዴ ፈላ።

ሀጂ (ገንዘብ ያዥ)፦
ልጆቼ እኔ በስዕሉ አልገባም። ግን እኛ ልጅ ሆነን አያቴ ማታ ማታ የምትተርትልን ዘንዶ ምንጭ ላይ ተኝቶ ውሃ የሚከለክል ነበር፣ ወላሂ ፈርተን ደጅ አንወጣም ነበር። ትንንሾቹን እንዳታስፈራሩብኝ። ሌላው፣ ከካዝና የሚወጣ ብር የለም። ከየቤቱ 150 ብር አዋጡ፣ የሌለው ሰው ደግሞ አይጠየቅ።

ቲቸር፦
ሀጂ ልክ ነዎት የ3 ዓመት ልጅ ጭንብል ካየ ያለቅሳል፣ አስተማሪ ሆኜ ስንቴ አይቻለሁ። ግን ዘንዶ ሁሉ ክፉ ነው ያለው ማነው? እትዬ ሙጋድ፣ አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያወጣቸው ዘንዶ አይደል? ቻይናዎቹ ጋ ደግሞ ዝናብ አምጪ ነው፣ ክንፍም የለው፣ በአዲስ ዓመታቸው ረጅም ጨርቅ በዱላ ከፍ አርገው ተሰልፈው ያስጨፍሩታል። እሳት የሚተፋው ባለክንፉ የአውሮፓዎቹ ነው። ከሦስቱ የትኛውን እንደምናመጣ እኛ ነን የምንወስነው።

የሙጋዷ፦
አረጋዊን ረስቼ! እሺ ተሸነፍኩ። ግን ማንም እንዳይገድለው ማንም እንዳይሰግድለት፣ ዝም ብሎ ይጫወት።

የኮምቦልቻው፦
እኔ የምለው ለምን እኛ ጋ አናረገውም፣ ደሴ በጳጉሜ ብርድ ነው ዝናብ ነው፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል ሜዳም አለ፣ ሚኒባስ ከተገኘ ግማሽ ሰዓት ምናምን ነው

ፀሐፊዋ፦
ወንድሜ 35 ሕፃን ጭነህ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደህ ታውቃለህ? እኔ አንዴ ሁለት ልጅ ይዤ ወርጄ ከሦስተኛው ኩርባ በኋላ ፌስታል ሳቀብል ነው የደረስኩት። እዚሁ ይሁን፣ አንተ ና።

ይልቅ ልንገራችሁ፣ ትናንት ጠዋት የጦሳን ተራራ እንደለመደው ጉም ውጦት የኔዋ ትንሿ መስኮት ላይ ተለጥፋ "እማ ድራጎኑ ተነፈሰ" አለችኝ። የቱ ድራጎን ስላት "እዛ ላይ የተኛው ነዋ"። ቁጭ ብዬ ሳስበው በቃ ይሄው አይደለም እንዴ? የኛ ዘንዶ ጦሳ ላይ ይተኛል፣ እሳት አይተፋም፣ ሲተነፍስ ጉም ነው። ክረምቱን ሙሉ አኩርፎ ከርሞ አዲስ ዓመት ሲመጣ ልጆቹ በዘፈን ይቀሰቅሱታል፣ ይነሳል፣ ሰማዩ ይጠራል።

ቲቸር፦
ኧረ ይሄ በጣም አሪፍ ነው!! እሳትም ርችትም አያስፈልገንም ማለት ነው። ከአፉ ባዘቶ ጥጥ እናወጣለን።

ሀጂ (ገንዘብ ያዥ)፦
ይሄ ተስማምቶኛል። ባዘቶውን ባለቤቴ ትሰጣለች።

ልብስ ሰፊው፦
ሥራውን ለኔ ተዉት። ለአንድ ልጅ 70 ሳንቲሜትር ብንል 12 ልጅ ባንድ ዙር፣ 8 ሜትር ተኩል ጨርቅ ይፈልጋል። ቁርጥራጭ አለኝ፣ አረንጓዴው ይበዛል። ጭንቅላቱን ከካርቶን፣ ቅርፊቱን ከእንቁላል ትሪ፣ አይኑን ከሃይላንድ ቂጥ እሰራዋለሁ፣ ትሪ ያላችሁ አትጣሉ።

ቲቸር፦
ጋሼ አንድ ነገር፣ ጨርቁ ጭንቅላታቸውን እንዳይሸፍን። ትንሽ ልጅ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ይደነግጣል፣ አንዱ ከወደቀ ደግሞ ሁሉም ነው የሚደራረበው። ወገባቸው ጋ ይሁንና በግራ በቀኝ መያዣ ገመድ ስፉለት፣ አጭር ገመድ፣ አንገት የማይደርስ። ጭንቅላቱን 10 ዓመት ያለፈው ልጅ ይያዘው።

ንብረት ያዥ፦
ሁላችሁም ተስማማችሁ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም። ድንኳኑ የተገዛው ለሐዘን ነው። ልጅ ይጨፍርበት ሲባል ሽማግሌዎቹ ያጉረመርማሉ፣ እወቁት።

ፀሐፊዋ፦
አያ እውነትህን ነው ግን አንድ ነገር ልበልህ፣ የኔ ልጅ 4 ዓመቷ ነው፣ የእድሩን ድንኳን ባየች ቁጥር "ማን ሞተ" ነው የምትለው። ሌላ ነገር ተደርጎበት አይታ አታውቅማ። አንድ ቀን እንኳ ከስሩ ስቀው ቢወጡ ምን ይጎዳናል?

ንብረት ያዥ፦
እሺ። ግን የዛን ቀን ሐዘን ከመጣ ዘንዶ አላውቅም ነቅዬ ነው የምሄደው። ይሄ ይፃፍ።

የሙጋዷ፦
ምግብስ? ሥጋ ካስገባን የኛ የነሱ ሊባል ነው፣ ስለዚ ሥጋ ጭራሽ አይኑር፣ ሁሉም ካንድ ትሪ ይብላ። እሁድ ስለሆነ ወተትም እንቁላልም ይቻላል። ድፎውን እኔ እጋግራለሁ፣ ክብ ሳይሆን ረጅም ጠምዘዝ አርጌ፣ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ጀርባውን በመቀስ ጫፍ ጫፉን ቆንጠር ቆንጠር ሳረገው ሲበስል ቅርፊት ይመስላል። ከዛ ፈንዲሻና ለውዝ

ቲቸር፦
ፈንዲሻና ለውዝ ለትንንሾቹ አይሆንም እትዬ፣ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ዳቦ ይበቃል።

የሙጋዷ፦
ያለ ፈንዲሻ ድግስ አለ?! እሺ ለቡናው ለአዋቂዎች ከፍ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ከዚህ በላይ አልደራደርም።

የኮምቦልቻው፦
ፊኛ እኔ አመጣለሁ 100 ፍሬ

ቲቸር፦
ፊኛው ይቅር ብል ትቀየማለህ? የተቀደደውን አፋቸው ይከቱታል፣ አንድ ነው። ሌላው ድምፁ ነው። ትልልቆቹ 2014 ላይ ጦርነቱ ሲመጣ ሁለት ሦስት ዓመታቸው ነበር፣ ድው ሲል አሁንም ጠረጴዛ ስር የሚገባ ተማሪ አለኝ።

የኮምቦልቻው፦
አልቀየምም። አላሰብኩትም ነበር። በሱ ፋንታ ከኮምቦልቻ ሙዝና ብርቱካን ይዤ እመጣለሁ

ፀሐፊዋ፦
በሉ ረቂቁ ይሄ ነው አንብቡና እርማት ስጡ፦

"ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ። ጳጉሜ 1 እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ለሰፈሩ 35 ልጆች 'የጦሳው ዘንዶ ሲነቃ' የሚል ዝግጅት ለማድረግ የእድሩን አንድ ድንኳንና 60 ወንበር በትህትና እንጠይቃለን። ወጪው በመዋጮ ይሸፈናል፣ ከካዝና አንጠይቅም። እሳት፣ ርችትና ፊኛ አይኖርም። ምግቡ ሥጋ የለውም። በዕለቱ ሐዘን ከገጠመ ድንኳኑ ወዲያው ይለቀቃል፣ ዝግጅቱም ይተላለፋል።"

ሀጂ (ገንዘብ ያዥ)፦
"የተሰበረ ወንበር ኮሚቴው ይተካል" የሚል ጨምሪ። ሰዓቱን ጠዋት ማድረግሽ ጥሩ ነው፣ ዝናቡ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ሐዘን ከመጣ ግን ወደ መቼ ነው የሚተላለፈው?

ፀሐፊዋ፦
ሰኞ እንዳንል ሥራ ነው፣ ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፣ የክርስቲያኖቹ ልጆች ዝናብ ልንጠመቅ ብለው ደጅ ነው የሚውሉት። መስከረም 3 እሁድ ብዬዋለሁ፣ ዘንዶው ትንሽ አርፍዶ ይነሳል።

ንብረት ያዥ፦
አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፣ የድንኳኑ በስተግራ ጎን ባለፈው ለቅሶ ሚስማር ይዞት ክንድ የሚያህል ተቀዷል። ዝናብ ከመጣ ዳቦው ላይ ነው።

ልብስ ሰፊው፦
ላኩልኝ ዛሬውኑ እጥፈዋለሁ። ግን ያለኝ ጨርቅ የዘንዶው አረንጓዴ ብቻ ነው፣ ይሁን?

ሀጂ (ገንዘብ ያዥ)፦
ይሁን፣ ጣፈው። ከውስጥ በኩል አርገው ብቻ።