«ራን» መሮጥ ማለት አልነበረም እንዴ?
እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። «ራን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ናላዬን አዞረው። መሮጥ ማለት እንደሆነ ነው የተማርኩት። ትናንት ግን «ማይ ኖዝ ኢዝ ረኒንግ» የሚል አነበብኩ። አፍንጫ ይሮጣል? ለካ ንፍጥ እየፈሰሰ ነው ማለት ኖሯል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሴትየዋ ድርጅት «ራን» ታደርጋለች ይላል፤ ትመራለች ለማለት። «አውት» ሲጨመርበት ጭራሽ «አለቀ» ሆነ! መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ የትርጉሙን ብዛት ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

እርግጥ የእኛም «ቆረጠ» ቀላል አይደለም። ወረቀት ይቆረጣል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ተስፋም ይቆረጣል (እኔ አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ)። እሱን ግን ማንም ሳያስጠናኝ ነው የለመድኩት። እናንተ እንዴት ተወጣችሁት? እያንዳንዱን ትርጉም ልሸምድድ ወይስ ከዓረፍተ ነገሩ የሚገመትበት መላ አለ?