32 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ፣ እስከ 3,900 ሜትር፦ 4 ሰዓት ይበቃል?

ቀጥ ያለ መንገድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አስፋልት ላይ ነው የምሮጠው። ግማሽ ማራቶን በ1 ሰዓት ከ48 እጨርሳለሁ። ከ3 ሳምንት በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተራራ ላይ ልንሮጥ ነው። ውድድር አይደለም፣ ራሳችን ያወጣነው ዕቅድ ነው። ከ2,000 ሜትር ከፍታ ተነሥተን ሸለቆውን ይዘን እንወጣለን፤ 3,900 ሜትር ላይ ያለው መሻገሪያ ስንደርስ በመጣንበት እንመለሳለን። ደርሶ መልሱ 32 ኪሎ ሜትር ነው። ዳገቱ፣ መሐል ላይ ያለው ውጣ ውረድ ሲደመር፣ 2,100 ሜትር ገደማ ይሆናል። መንደር የለም፣ ስልክ አይሠራም። ከ5 ኪሎ ሜትር በኋላ መንገዱም በቅጡ አይለይም ብለውናል።

የምኖረው 300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ዓርብ ማታ ደርሰን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ለመነሣት አስበናል። እኔ 4 ሰዓት ይበቃናል ብያለሁ፣ አንዱ ጓደኛዬ 5 ይላል። ማናችን ነን ልክ? ጫማስ? ምን እንያዝ? የከፍታ ራስ ምታት የሚሉትስ እውነት ነው?

ዳገት ለምኔ

እህቴ፣ አትቀየሚኝና ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም።

ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በፈረንጆቹ 1892 ያወጣት ቀላል ስሌት አለች። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ትይዣለሽ። በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ትጨምሪያለሽ። የእናንተ 32 ኪሎ ሜትር 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ዳገቱ ደግሞ 3 ሰዓት ተኩል። ድምሩ 10 ሰዓት። ይሄ ለእግረኛ ነው፤ ሯጭ ይቀንስለታል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም አየሩ በሳሳበት ቦታ፣ በግማሽ አይቀንስም። እኔ ብሆን 8 ሰዓት እይዝ ነበር፤ 5 ለመውጫ፣ 3 ለመውረጃ።

አንድ ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ የምትዪውን ነገር እርሺው። ዳገት ላይ ይራመዳል፣ አያሳፍርም። ቀጥ ያለ ዳገት ሲመጣ ጎበዞቹም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው የሚወጡት። እያወራሽ መሄድ ካልቻልሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት የሚለውን ግን ተዉት። በሞቃት ወራት ተራራ ላይ ደመናው ከቀትር በኋላ ነው የሚሰበሰበው። የግንባር ባትሪ አስራችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። ከዚያ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ፤ ለምሳሌ ረፋድ 5 ሰዓት። 5 ሰዓት ከሆነ መሻገሪያው 200 ሜትር ቢቀረውም ትመለሳላችሁ። ይሄን ቤት ሆናችሁ ተስማሙ። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሦስታችሁም «ትንሽ ነው የቀረን» ነው የምትሉት። እኔ ብዬ አውቃለሁ።

መብረቅ ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትደርሱ ከሰማችሁ ቀርቧል፣ ከሸንተረሩ ውረዱ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱበት።

ሻንጣ ቀላል

ምን እንያዝ ላልሽው፣ አታብዢው። ውኃ፣ ትንሽ የሚበላ፣ ስስ የንፋስ ጃኬት። አለቀ። ሦስት ኪሎ ተሸክሞ ሩጫ የለም። ምርኩዝም እጅ ከመያዝ ውጪ ምንም አይሠራም።

የቁልቁለት ወዳጅ

ሻንጣ ቀላል፣ ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ አንድ ድንጋይ ላይ 40 ደቂቃ እስክቀመጥ ድረስ። ፀሐይ ነበረች እኮ! እየሮጥኩ ሞቆኝ ነበር። መሮጥ ሳቆም ነው ነገሩ የገባኝ። የጫማዬን ክር ላላላ ስል ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። የምግብ ማሸጊያውን በጥርሴ ነው የቀደድኩት። ሯጭን የሚያሞቀው እግሩ ነው፤ እግሩ ከቆመ ማሞቂያው ጠፋ ማለት ነው።

በፈረንጆቹ 2021 ቻይና ጋንሱ ውስጥ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ውድድር ነበር። 172 ሯጮች ተነሡ። ንፋስና የበረዶ ዝናብ በድንገት መጣ፣ 21 ሰው በብርድ ሞተ። ብዙዎቹ በቁምጣና በስስ ልብስ ነበሩ። አንድ እረኛ ዋሻ ውስጥ እሳት አንድዶ 6 ሯጮች አትርፏል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። መነሻችሁ ላይ 15 ከሆነ መሻገሪያው ላይ 3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ንፋሱን ሳንቆጥር።

ስለዚህ፦ ስፌቱ የታሸገ የዝናብ ጃኬት፣ ደረቅ ሙቅ ሹራብ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ ያቺ ብር የምትመስለው ቀጭን የድንገተኛ ብርድ ልብስ፣ ፋሻ፣ ፊሽካ። ፊሽካ ቀልድ አይደለም። በደቂቃ 6 ጊዜ ነፍቶ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ ከዚያ መድገም፤ በተራራ ይሄ የእርዳታ ጥሪ ነው። መልሱ በደቂቃ 3 ነው። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱት። ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል። ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ ከሰውነታችሁ አስጠጉት፣ ብርድ ባትሪ ይበላል። የወረቀት ካርታም አንድ። የሳተላይት መልእክት መላኪያ መከራየት ከቻላችሁ ተከራዩ። ካልሆነ መንገዳችሁንና የመመለሻ ሰዓታችሁን የሚያውቅ፣ ካልመጣችሁ ለማን እንደሚደውል የሚያውቅ ሰው ታች ይኑር።

ጫማ፦ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር። ከአስፋልቱ ጫማሽ በግማሽ ቁጥር ከፍ አድርጊ፤ ቁልቁለት ላይ ጣትሽ ፊቱን እየገጨ ጥፍርሽ ይጠቁራል። በምርኩዙ ግን አልስማማም። 2,000 ሜትር ስትወርጂ ጉልበትሽ ያመሰግንሻል።

ልምምዱም ቁልቁለት ላይ ይሁን። ዳገት ሳንባ ነው የሚፈትነው፤ የጭንን ጡንቻ የሚሰብረው መውረዱ ነው። በነዚህ 3 ሳምንታት ሁለት ጊዜ ረጅም ቁልቁለት ውረጂ። ኮረብታ ከሌለ የፎቅ ደረጃም ይሆናል። በማግሥቱ እንደ አሮጊት ነው የምትራመጂው። ሁለተኛው ግን በጣም ይቀልሻል፣ ጡንቻው ይለምደዋል። የመጨረሻውን ከጉዞው 10 ቀን በፊት ጨርሺ።

ሲስተር ከላይ

ነርስ ነኝ፣ ተራራም እወጣለሁ። የራስ ምታቱ እውነት ነው። 3,900 ሜትር ላይ የምትተነፍሱት ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 62 በመቶ ገደማ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ማንንም ሊይዝ ይችላል። የአካል ብቃት አይከላከልም። እንዲያውም ጎበዝ ሯጭ ቶሎ ስለሚወጣ የባሰ ሊመታው ይችላል።

ደጉ ነገር፣ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ሰው ከፍታ ላይ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው የሚመጣው። ቶሎ ወርዳችሁ 2,000 ላይ ስለምታድሩ አደጋው ይቀንሳል። ቢሆንም ዓርብ ማታ ደርሶ ቅዳሜ 3,900 ይከብዳል። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ብትደርሱና አንዱን ቀን እስከ 3,000 በእግር ወጥታችሁ ብትመለሱ ጥሩ ነው።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ መውጣቱ እዚያው ያበቃል። ማስታገሻ ውጦ መቀጠል የለም። አይቡፕሮፌንን በሩጫ መሐል ባትወስዱት ይሻላል፤ ውኃ የጎደለው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳል። ከእናንተ አንዱ ቀጥ ባለ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ደገፍ አድርጋችሁ ወዲያው ውረዱ። ብቻውን አይሂድ። መከላከያ መድኃኒት አለ፣ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

መነጽርና የፀሐይ ቅባትም አትርሱ፣ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ቀጥ ያለ መንገድ (ጠያቂ)

ኧረ ተባረኩ! ሲስተር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ረቡዕ ልንደርስ ወስነናል። አንድ ነገር ልጨምር፦ መንገድ ላይ ጅረት አለ። ለውኃው ያቺን ትንሽ የማጣሪያ ኮዳ ገዝቻለሁ፣ ትበቃለች?

ዳገት ለምኔ

ትበቃለች። ግን ሌሊት ድንኳን ውስጥ አትተያት። አንዴ ውኃ ከነካት በኋላ ከቀዘቀዘች ውስጧ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ደግሞ አይታወቅም። ይዘሻት ተኚ። ጅረቱን የምትሻገሩት ከሆነ፣ ላይ በረዶ ካለ ከቀትር በኋላ ይሞላል። ጠዋት ቁርጭምጭሚት የነበረ ማታ ጉልበት ይሆናል።

ቀጥ ያለ መንገድ (ጠያቂ)

ሄደን መጣን። መሻገሪያው ላይ አልደረስንም። 5 ሰዓት ሲሆን 3,650 ላይ ነበርን፣ በዓይናችን እያየነው ተመለስን። ጓደኛዬ «ትንሽ ነው የቀረን» አለ፣ ቃል በቃል። ሳቅንበት። 8 ሰዓት ላይ በረዶ ወረደብን፣ ያኔ ግን ጅረቱን ተሻግረን ዛፎቹ ዘንድ ደርሰን ነበር። ሹራቧን ለብሻታለሁ። ደርሶ መልሱ 8 ሰዓት ከ50 ፈጀ።

ጫማውን ግን በግማሽ ቁጥር አልጨመርኩም ነበር። ሁለት ጥፍር ጠቁሯል።