የዲኤክስ ኮሮላዬን የጭስ ማኒፎልድ በራሴ እጅ መቀየር እችላለሁ?

ጥያቄ (ከልደታ)፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ዲኤክሷ ጠዋት ስትነሣ ከሞተሩ በኩል «ጠክ ጠክ» የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ስትሞቅ ይጠፋል። መካኒክ አይቶ «የጭስ ማኒፎልዱ፣ ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ቱቦው የሚሰደው ብረት፣ ተሰንጥቋል» አለኝ፤ የጠየቀኝ የእጅ ዋጋ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ዘይትና ካንዴላ ራሴ እቀይራለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ ሞክሬ አላውቅም። መኪና ማቆሚያው ላይ ልሠራው እችላለሁ? ሰሞኑን ደግሞ ልጆቼ ትምህርት ቤት እስኪደርሱ ራሳቸውን ያማቸዋል። ይገናኝ ይሆን?

መልስ (ጡረተኛ መካኒክ፣ ከካዛንቺስ)፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ይገናኛል ብለህ ተነሣ። የሚያፈተልከው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር መግቢያ በኩል ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ያመጣል። ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው፤ የጭሱንም ነገር ንገረው። መኪናዋ እስክትጠገን ልጆቹ በታክሲ ይሂዱ። ለምኜሃለሁ።

ድምፁ የሚጠፋው ብረቱ ሲግል ሰፍቶ ስንጥቁን ስለሚዘጋው ነው። ሆኖም በማኒፎልዱና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ብቻ ቢቃጠልም እንዲሁ ይጮኻል። ስለዚህ ሳትፈታ ለይ፦ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሣና ሰው ከኋላ የጭስ ቱቦውን በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝልህ። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በቀዳዳው በኩል ያፏጫል። ጥላሸትም ፈልግ፤ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር በሚጋጠምበት መስመር ላይ ከሆነ ጓርኒሲዮን፣ የማኒፎልዱ ገላ ላይ ከሆነ ስንጥቅ ነው።

መልስ (ዲኤክስ የምነዳ፣ ከአራት ኪሎ)፦ እኔ የራሴን ቀይሬአለሁ፤ ትችላለህ። ግን እወቅ፤ በዚህ ሞተር የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በአንድ ጎን፣ በአንድ ጓርኒሲዮን ላይ ናቸው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ይዘው አብረው ይወርዳሉ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ የቤንዚኑን ቱቦ ድፈን፤ የቴስታታውንም ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ዝጋቸው። አንዲት የቡሎን ዳዶ ወደ ውስጥ ከገባች ሥራህ ሌላ ነው የሚሆነው።

ትዕግሥትህን የሚፈትነው ቡሎኑ ነው። ዓርብ ማታ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ንፋበት፤ ቅዳሜ ጠዋት ድገመው። ስትፈታ መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀህ ነው፤ ከያዘህ መልሰው፣ ዘይት ጨምርበት፣ እንደገና ሞክር። እኔ ቸኩዬ አንዱን ቴስታታው ውስጥ ሰበርሁት፤ ብረት ለሚያስተካክለው ቶርኖ ቤት የከፈልሁት ከማኒፎልዱ ዋጋ በለጠ። በእሳት ማሞቅን ደግሞ አታስበው፤ ቤንዚን የያዘው ካርቡራተር እዚያው ላይ ነው።

መልስ (ከተክለ ሃይማኖት)፦ ቢያስበይደውስ? ይረክስለታል።

መልስ (ጡረተኛው መካኒክ)፦ ወንድሜ፣ ይህ ጊዛ፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ነው። በደንብ ሳይሞቅ ከተበየደና ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል። ብዙ አይቻለሁ። ይልቅ አሮጌውን ይዞ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይውረድ። ልጄ፣ ያገለገለ ስታገኝ አንጠልጥለህ በመዶሻ ቀስ አድርገህ ምታው፤ ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ፊቱ ላይ የብረት ማስመሪያ አቁምበት፤ በሥሩ ብርሃን ካለፈ ጠሟልና ቶርኖ ቤት ይስተካከል። ጓርኒሲዮን ግን አዲስ ግዛ። ስታስር ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አጥብቅ፤ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁሉንም እንደገና ፈትሻቸው።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆቹን ያን ዕለት ሐኪም አየልኝ፤ ራስ ምታቱ መኪናዋን ከተዉ ወዲህ አልተመለሰም። ስንጥቁ ገላው ላይ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ፤ ቡሎን ግን አልሰበርሁም። ዛሬ በቀዝቃዛው አስነሥቼ ጨርቁን ጎረቤቴ ያዘልኝ፤ ፉጨት የለም። ነገ ጠዋት ቡሎኖቹን ከፈተሽሁ በኋላ መጀመሪያ ብቻዬን እነዳታለሁ፤ ልጆቹ እስከዚያ በታክሲ ናቸው።