ፍሬያ መገደል ነበረባት?

የጦሳ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ «ኖርዌዮቹ ዋልረሷን ፍሬያን የገደሏት ለሰው ደኅንነት ሲሉ ነው፤ ሌላ አማራጭ አልነበረም» ብሎ አንዱ ለጥፎ ስንቱ አጨበጨበለት። እኔን ያበሸቀኝ «አማራጭ አልነበረም» የምትለዋ ናት። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2022 ኦስሎ ፊዮርድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ይህች ረጃጅም ጥርስ ያላት፣ 600 ኪሎ የምትመዝን የባሕር እንስሳ ጀልባ ላይ ወጥታ ትተኛለች። ባለሥልጣናቱ ራቁ አሉ። ሰው ልጁን ይዞ ፎቶ ሊነሣ ተጠጋ፣ አጠገቧ ዋኘ። አማራጩ መራቅ ነበር፤ እምቢ ያለው ሰው ነው፣ የሞተችው እሷ ናት።

ቦርከና ዳር፦ ጦሳ ሥር ቁጭ ብሎ በኦስሎ ላይ መፍረድ ይቀላል። ወጥታባቸው የሰመጡት ጀልባዎችስ? የሰው ንብረት አይደሉም?

የጦሳ ልጅ፦ ጀልባ በገንዘብ ይተካል።

ቦርከና ዳር፦ ያንተ ባጃጅ ላይ ብትተኛበት እንዲህ አትልም ነበር።

እሙ ሐያት፦ ልጆቼ፣ እኔ እንደ እናት ነው የማስበው። አንድ ሕፃን ጨፍልቃ ቢሆን ኖሮ ዛሬ «መንግሥት የት ነበር» የምትሉት እናንተው ናችሁ።

የጦሳ ልጅ፦ እትዬ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ሕፃኑን እዚያ ድረስ ያደረሰው ግን ወላጁ ነው። አካባቢውን በገመድ አጥሮ የተጠጋውን መቅጣትስ አማራጭ አልነበረም?

ሸዋ በር፦ ሳያስቡበት አልገደሏትም። ወደ ሌላ ቦታ ማዛወሩን አይተውታል፤ ለእንስሳዋ ራሷ አደጋው ከባድ ነው ብለው ተዉት። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ውሳኔውን ደግፈዋል።

የጦሳ ልጅ፦ በመንገድ እንዳትጎዳ ብለው ገደሏት? ይኼ እንዴት ይዋጥልሃል? በዚያው ዓመት መጨረሻ እንግሊዝ ስካርቦሮ ወደብ ላይ ቶር የሚባል ዋልረስ ወጥቶ ሲያርፍ፣ እንዳይረበሽ ብለው የአዲስ ዓመቱን ርችት ሰረዙለት። አርፎ ሄደ። አማራጭ ማለት ይኼ ነው።

ቦርከና ዳር፦ አንድ ቀን አርፎ የሄደና በጋውን ሙሉ ከሰው መሀል የከረመች አንድ ናቸው? ደግሞ ኖርዌይን ጨካኝ አታድርጓት። ስቫልባርድ በሚባሉት የሰሜን ደሴቶቿ ላይ ለጥርሱና ለቆዳው ሲታደን ሊያልቅ የደረሰውን ዋልረስ በፈረንጆቹ 1952 እንዳይታደን የከለከለችው እሷ ናት። ዛሬ ቁጥሩ እያገገመ ነው።

መምህሩ፦ የእንስሳዋን ጠባይ ረሳችሁት። ዋልረስ የባሕሩን ወለል በጢሙ እየዳበሰ፣ ዛጎል ውስጥ ያለውን ሥጋ በአፉ መጥጦ ነው የሚበላው። ከዚያ ወጥቶ ማረፍ ግዱ ነው፤ ጀልባ ላይ መተኛቷ ጥጋብ አይደለም። በፈረንጆቹ 2014 አላስካ፣ ፖይንት ሌይ አጠገብ፣ የሚያርፉበት በረዶ ቀልጦባቸው 35,000 ያህል ዳርቻው ላይ ታጨቁ። እንዲህ ሲታጨቁ አውሮፕላን ካስደነገጣቸው ወደ ባሕር ይተራመሱና ግልገሎቹ ይረጋገጣሉ። የመንደሩ ሰዎች ምን አሉ? ጎብኚም ጋዜጠኛም እንዳይመጣብን አሉ። እነዚህ እኮ ከአያት ከቅድመ አያት ዋልረስ አድነው የሚበሉ ናቸው! የሚበሉት ሰዎች እንዳይረበሽ ሲከላከሉለት፣ ወደድናት ያሉት ከበው አስገደሏት።

ሸዋ በር፦ ጋሼ፣ ፍሬያ ግን በረዶ ቀልጦባት አይደለም የመጣችው። ሆላንድም ዴንማርክም ስትዞር የነበረች ናት።

መምህሩ፦ በረዶ አባረራት አላልኩም። ማረፍ ነበረባት ነው ያልኩት።

ከቦረና ሳይንት፦ ለፍሬያ ኦስሎ ላይ ሐውልት ቆሞላታል አሉ። እኛ ጋ ጎሕ ሲቀድ ጭላዳው ከገደሉ ወጥቶ የገብሱን እሸት በእጁ እየሸመጠጠ ይጎርሳል። ልጄ ከትምህርት ቀርቶ ወንጭፉን ይዞ ማሳ ዳር ይውላል። ገድለን አናውቅም፤ እናባርራለን። «መራቅ ነው አማራጩ» ያልከው የደሴው ልጅ፣ እኛ ከእርሻችን ወዴት እንራቅ?

የጦሳ ልጅ፦ ወንድሜ፣ አንተ እኮ ነህ የእኔን ነገር ያስረዳኸው። ማሳህን እየበላብህ እንኳ አልገደልክም። እነሱ ለፎቶ ሲሉ ነው።

ከቦረና ሳይንት፦ አላስረዳሁልህም። እኔን ምሳሌ አታድርገኝ፤ የጠየቅኩህን መልስ።

ቦርከና ዳር፦ አይመልስልህም። ደሴዎች በየሰፈራቸው ቆሻሻ እየጣሉ ጅብ ጠርተው «ጅብ አስቸገረን» የሚሉ ናቸው።

የጦሳ ልጅ፦ ኮምቦልቻ ጅብ የለም? ቦርከናን ማን እንዳቆሸሸው መጀመሪያ ተነጋገሩ!

እሙ ሐያት፦ ኧረ በአላህ፣ ሰውዬው ስለ ማሳው ነው የጠየቀው።